ብርዕ መስሎን

የድንበር ክርክራችንን ሊያይ ስማዳ ድረስ የመጣው ሹም፣ እኛው ተሸክመን ባመጣንለት ወንበር ጥዱ ሥር ተቀምጧል። ካኪ ኮቱ አቧራ አልነካውም። ከኪሱ መቃ የመሰለ ቡናማ ነገር አወጣና ሰንጢውን ከፈተ። ጫፉን ቀጥ አድርጎ ሊቆርጠው ለካ፤ መልሶ በሰያፍ ሞከረው፤ ደግሞ በስለቱ ጫፍ ሊበሳው ቃጣና ተወው። ከማለዳ ጀምሮ አደግድገን የቆምን ሰዎች ትንፍሽ አላልንም። ብርዕ የሚቀርጽ መስሎናላ! ብርዕ የሚቀርጽ ጸሐፊ አይነካም፤ እጁ ከሳተ ጽሕፈቱ ይበላሻል።

ዕድሜ ልካቸውን ብራና ሲጽፉ የኖሩት መሪጌታ ገብረ መድኅን ግን አላስቻላቸውም።

«ጌታው፣ ሰያፍ ያድርጉት፤ ቀለም የሚይዘው እንዲያ ነው» አሉት።

«ሰያፍማ ለብርዕ ነው፣ የኔታ» አለ፣ ቀና ሳይል።

የኔታ! ይህ ሰው አንድ ዘመን ደበሎ ለብሶ፣ እንደ እሳቸው ካለ ሽማግሌ እግር ሥር መቃ ቀርጿል ማለት ነው። አውራ ጣቱ ስለቱ ጀርባ ላይ ያረፈበት አኳኋን ራሱ ይመሰክርበታል። ይኼ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ጫፉን ቀጥ አድርጎ ቆረጠው፤ አፉ ውስጥ ወሸቀና ክብሪት ጫረ። ጥቅል ትምባሆ ኖሯል። መሪጌታ ከጢሱ ለማዳን ዳዊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ትምባሆውን እንዲያ ሲያገላብጥ የረፈደበት ሰው፣ የአባቶቻችንን መሬት ከወንበሩ ሳይነሣ፣ በዚያችው ሰንጢ እየጠቆመ ለሁለት ከፈለው።