ጥፋቱ የሲስተር ሐዋ አልነበረም

ሲስተር ሐዋ ባለፈው ሐሙስ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ የማረዳው እኔ ባልሆን እወድ ነበር። ብዙዎቻችሁ በእጃቸው ድናችኋል፤ እኔ ግን በእሳቸው ዝምታ ተሸሽጌ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በቀዶ ሕክምና ክፍል አብረን ስንሠራ እኔ አዲስ ሐኪም፣ እሳቸው ከእናቴ የሚበልጡ አንጋፋ ነርስ ነበሩ። ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ካለ ምሳቸውን ያካፍሉታል። «ሰው መጀመሪያ ስሙን ይጠየቃል፤ በሽታው ይደርሳል» ይሉን ነበር።

አባ ፊጣ የተባሉ የደዶ ገበሬ ከዛፍ ወድቀው ጎድናቸው ተሰብሮ መጡ። ሳንባቸውን የጨመቀውን አየር ለማስወጣት ደረታቸው ውስጥ ቱቦ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ተደፍኗል፤ አንገታቸው ከአገጫቸው አይለይም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ይጮኻሉ። ደነገጥኩ። ሲስተር ሐዋ ጠዋት መርፌ እንደወጓቸው ስሰማ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ምን መድኃኒት ነው የወጋሻቸው?» አልኩ። አንቺ አልኳቸው።

እሳቸው ድምፃቸውን ሳያነሱ የበሽተኛውን አንገት በጣታቸው ጫን አደረጉ። «ዶክተር፣ እዚህ ይንኩ፤ ይንኮሻኮሻል። ቆዳው ስር አየር ገብቶ ነው። ቱቦውን እንየው።»

«ሥራሽን ሥሪ!» ብዬ የአለርጂ መድኃኒት አዘዝኩ። ጥቂት ቆይቶ የአባ ፊጣ ድምፅ ቀጠነ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ያኔ ፋሻውን ስፈታ ቱቦው ተንሸራትቶ፣ የጎኑ ቀዳዳ ከደረት ወጥቶ ቆዳው ስር ቀርቷል። ክሩን አላልቼ ያሰርኩት እኔው ነበርኩ።

ሌላ ቱቦ አስገባሁ፤ ከአንገት አጥንታቸው በታችም ቆዳውን ሁለት ቦታ በትንሹ በጣሁ። ሲስተር ሐዋ «ኦብሳ አባ፣ ይታገሱ» እያሉ አየሩን ከፊታቸው ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደተበጣው ቦታ በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ይገፉት ጀመር። ከሰዓት በኋላ አባ ፊጣ አንድ ዓይናቸውን ገለጡና «ሻሽዎ አረንጓዴ ነው ለካ!» አሉ። ሲስተር ሐዋ ሳቁ።

ቤተሰቡ እኔን መረቀ። ወይዘሮ ፋጡማ ግን ሲስተርን «ባሌን ልትገድዪብኝ ነበር» ብለው ገላመጧቸው። ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ኋላ ብቻችንን ስንሆን «ለምን አልተናገሩም?» ብላቸው፣ «ጥፋቱ የኔ ቢሆን እናገር ነበር» አሉኝ።

ዛሬ ነገ ስል እሳቸው ጡረታ ወጡ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አመለጡኝ።

ለቅሶው ላይ ወይዘሮ ፋጡማ ከደዶ መጥተው ነበር። «ለዚያ መርፌ አውፍ ብያታለሁ፣ ይቅር ብያታለሁ፤ አላህም ይማራት» ሲሉ ጆሮዬ ገባ። ተነሥቼ በሲስተር ሐዋ ልጆች ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። ወይዘሮ ፋጡማ «ታዲያ ገበያ ላይ ባየኋት ቁጥር ሰላምታ የነሳኋትን ምን ላድርገው?» አሉኝ።

ሲስተር ሐዋ፣ ስምዎን በሰው ፊት አጉድፌ፣ በሰው ፊት ያጸዳሁት እርስዎ በማይሰሙበት ቀን ነው። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፌን ያዘኝ። ደህና ይሁኑ፤ አላህ እኔ ዝቅ ካደረግሁዎት አብልጦ ከፍ ያድርግዎ።