አየለችና የቡሬዋ አማች

ማንኩሳ ውስጥ በርበሬ ሻጯን አየለችን የማያውቅ የለም፤ እግሯንም እንዲሁ። ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። ሲነሳባት እንደ እሳት ይፋጃሉ፤ ያን ጊዜ ከአልጋ አትወርድም። ሰው «ዝሆኔ ነው፣ በዘር ይወርዳል» ይላል። ልጇን ምሥጋናን ለልጃቸው ለስመኘው ያጩት የቡሬ ሰዎችም ሽማግሌ ልከው ሲያበቁ ይህን ወሬ ሰሙና ድምፃቸውን አጠፉ።

ምሥጋና አላለቀሰችም። አየለችን ይበልጥ ያንገበገባት ይኸው ነው።

በዚያ ሰሞን አየለች ለሕክምና ፍኖተ ሰላም ስትሄድ፣ ክንፈሚካኤል የሚባል ተመራማሪ ለጥናት ደም የሚሰጡ ሕመምተኞች ይፈልግ ነበር። ብዙዎቹ ሸሹት። እሷ ግን አጠገቡ ተቀመጠች።

«ደሜ ምን ይነግርሃል፣ ልጄ?»

«እትዬ፣ በደምዎ ውስጥ ወታደርም ሽማግሌም አለ» አላት። «ከቀዩ አፈር በእግር የሚገባውን ብናኝ ወታደሮቹ ይዋጉታል፤ እብጠቱ የሚመጣው ከዚያ ጠብ ነው። ሽማግሌ የሆኑት ሴሎች ደግሞ ‹ይብቃ› ይላሉ። ሁሉም ሴል የሚይዘው ዘረ መል አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያዩት የትኛው ዘረ መል ሥራውን ሲሠራ የትኛው ዝም በማለቱ ነው። ‹ይብቃ› የሚያሰኘው ዘረ መል በእናንተ ደክሞ እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለግነው።»

«ልጄስ ወርሳኝ ይሆን?»

«ተጋላጭነቱን ልትወርስ ትችላለች፤ እብጠቱ ግን የግድ አይደለም። ጫማዋን ካላወለቀች፣ እግሯን በሳሙና ከታጠበች፣ ጠቡ ከየት ይነሳል?»

አየለች እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት።

በማግሥቱ ለማንም ሳትነግር በሚኒባስ ቡሬ ሄደች። የስመኘውን እናት፣ ወለተ ጊዮርጊስን፣ ደጃፏ ላይ አገኘቻት። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ እግሯን አሳየቻት።

«ከሰው አፍ ከሚሰሙት በዓይንዎ ይዩት ብዬ ነው የመጣሁ» አለችና ተመራማሪው ያላትን ሁሉ ነገረቻት።

ወለተ ጊዮርጊስ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«ይግቡ እስቲ። ይህ ነገር ደጅ ላይ አይወራም። የእናቴም እግር እንዲህ ነበር። ጓዳ ደብቀናት ነው ያለፈችው፤ ልጄ እንኳ አያውቅም። የልጅ ልጄ ላይ ከሁለት ወገን ይመጣበታል ብዬ ፈራሁ።»

በሳምንቱ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ፍኖተ ሰላም ወረዱ፤ ወለተ ጊዮርጊስም የሕመምተኛ ልጅ ናትና ለጥናቱ ደም ሰጠች። የክንፈሚካኤል ሥራ እስካሁን አላለቀም፤ መልሱን ማንም አያውቀውም። አየለች ግን እግሯን በየዕለቱ እያጠበች፣ ቅባት እየቀባችና በፋሻ እየጠቀለለች ከረመች። ጨርሶ አልዳነም፤ እብጠቱ ግን ጎደለ፤ ትኩሳቱም እንደ ድሮው አይመላለስባትም።

ምሥጋና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተዳረች። አየለችን ከዳሱ መሐል እጇን ይዛ ለጭፈራ ያስነሳቻት ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች።