ሳይመታ የወደቀው ጅብ

የናይሮቢውን ሪቨር ሮድ ጎዳና ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ፊደል ባልቆጥርም ሙቶካን ሰዓት ጠጋኝ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰው በስልኩ ሰዓት ማየት ሲጀምር ካሜራ ገዝቶ ሰርግ መቅረጽ ያዘ። አንዴማ ሙሽሮቹን ትቶ የፍየል ጥብሱን ሲቀርጽ ውሎ... ተዉት እሱን። ኋላ ኮምፒውተር ላይ ሥዕል ማንቀሳቀስ ለመደ።

ከካምባ ብሔረሰብ የሆነው ቀልደኛ ሽማግሌ ሙንያኦ ዱላ ይዞ ባዶ አየር ሲደበድብ ቀረጸው፤ ጅቡን በኋላ ሥሎ ሊጨምርበት። በሳምንቱ ሙንያኦ ሞተ። እንግዲህ ድጋሚ መቅረጽ የለም። ፊልሙ ቅዳሜ ማቻኮስ ገበያ ይታያል ተባለ፤ የሟቹ ሚስት ማማ ሲዮምቡዋ አይታ ይሁን ካለች ነው ታዲያ።

ሙቶካ ዘንድ መጣች። ሻይና ማንዳዚ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ ቀረበላት፣ ፊልሙ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዱላ ደህና አረፈ። ሙቶካም ሲሠራ የፈተሸው እሱን ብቻ ነበር። ከዚያ ጅቡ ዱላው ሳይደርስ ይሸሽ ጀመር። አንድ ደቂቃ ሲሞላማ ሽማግሌው ገና ዱላውን ሳያነሳ፣ ጅቡ ጮኾ በጀርባው ተዘረረ። ሙቶካ የጎረሰው ማንዳዚ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ሳይነካው ነው የወደቀው?» አለች ማማ ሲዮምቡዋ ቀስ ብላ።

«ስህተት ነው ማማ...»

«ካምባ ሁሉ ጠንቋይ ነው የሚሉትን ዕድሜ ልኩን ሲሟገት የኖረ ሰው፣ ሞቶ በዓይኑ ጅብ ይጥላል? ይኸን ገበያ ላይ አታሳይም፣ ልጄ።»

ሻይሽን እስክትጨርሺ ብቻ ታገሺኝ ብሎ ለመናት። ከመጀመሪያው አየው፤ ጅቡ ዱላውን የሚቀድመው መጀመሪያ ላይ ትንሽ፣ ቀጥሎ በዛ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰከንድ አልፎ። ቀስ በቀስ የሚቀድም ሰዓት ደግሞ የውስጥ መንኮራኩሩ ጥርስ ነው የሚቆጠረው። ቆጠረ። ጅቡን የሣለበት ፕሮግራም ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል ይሠራል፤ ካሜራውና ሁለቱን የሚያጣምረው ፕሮግራም ግን በሰከንድ ሃያ አምስት ይበላሉ። ጅቡ በየሰከንዱ ከመጪው ሰከንድ አንድ ሥዕል እየተበደረ ሲሮጥ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ጥርስ ሲቆጥር የኖረ ሰው አንዲት ሥዕል ታምልጠው? 

አጣማሪውን ፕሮግራም ጅቡን በሃያ አራት ቁጠረው ብሎ አዘዘውና እንደገና ከፈተ።

ዱላው ተነሳ። አረፈ። ጅቡ ያን ጊዜ ወደቀ።

ማማ ሲዮምቡዋ የቀዘቀዘ ሻይዋን አነሳች።

«ቅዳሜ አሳየው» አለች። «ዱላ ነበረው እንጂ ጥንቆላ አልነበረውም።»