«ይታይ»

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ወረቀት ጥግ ላይ «ይታይ» የሚል ቃል ሳይ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለ አንድ የጦር ካምፕ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ በሲቪልነት እሠራ ነበር። መካኒኩ አሥር አለቃ ጌትነት ወታደር ከመሆኑ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር። የአንዱ አሮጌ የጭነት መኪና የፍሬን ንፋስ ሲቀንስ የሚያስጠነቅቀው መብራት ከተበላሸ ቆይቷል፤ መለዋወጫ ቢጠየቅም አልመጣም። ጌትነት ታዲያ ከባጃጅ የተፈታ ክላክስ አምጥቶ ገጠመለት። ንፋሱ ሲቀንስ ይጮኻል። ሾፌሩ ሃምሳ አለቃ ይስማው «አሁን ዓባይን ስወርድ ልቤ አይሰቀልም» እያለ ይመርቀው ነበር።

ጌትነት ለሌሎቹ መኪኖችም ይሠራ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። በዕዝ ሰንሰለቱ አልመጣም ብዬ የመለስኩበት እኔው ነኝ። አስተካክሎ አመጣ። የክፍሉ ኃላፊ ጥጉ ላይ «ይታይ» ብለው ፈረሙ። ከእሳቸው በላይ ያሉትም «ይታይ» አሉ። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እኔው ፋይል ውስጥ ገባ።

ጌትነት ሊጠይቅ መጥቶ ጥጉን አነበበ።

«እትዬ አበባ፣ ሁሉም ይታይ ብሏል። የሚያይ ግን አልተመደበም» አለኝ።

ቅኔ መስሎኝ ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ የንብረት ቁጥጥር መጣ። ክላክሱ መዝገብ ላይ ስለሌለ ይፈታ ተባለ። የማስፈቻውን ደብዳቤ ስጽፍ ይስማው ቢሮዬ ገባ።

«ሐሙስ ዓባይን እወርዳለሁ። ሁለት ቀን ብቻ ቢያቆዩልኝ?»

መመሪያ ነው አልኩት። በዚያ ካምፕ በዕለቱ ተጽፎ በዕለቱ ሲፈጸም ያየሁት ደብዳቤ ያ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጭነት ይዞ ወረደ። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬኑ ከዳው። አስከሬኑን አመጡልን።

ከቀብር መልስ የጌትነትን ደብዳቤ አውጥቼ በእጄ ለኃላፊው ወሰድኩ። ደጋግመው አነበቡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንስተው፣ በቀረችው ባዶ ቦታ ላይ «ይታይ» ብለው ፈረሙ።

ሥራውን ለቅቄያለሁ። ሰው ኃላፊውን ይወቅሳል፤ እኔም እወቅሳቸዋለሁ። ግን ባጃጅ አጠገቤ ክላክስ ባደረገ ቁጥር ቆም የምለው በእሳቸው የተነሳ አይደለም። ይስማው የለመነው እኔን ነበር፤ ያውም ሁለት ቀን።