ከሆሳዕና እስከ ፉሪ፦ እህቴ የምትሰማውን ፍለጋ

ማክሰኞ ከሰዓት የተማሪዎቼን የኬሚስትሪ ፈተና ወረቀት እየሰበሰብኩ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው እመቤት ናት፤ አዲስ አበባ ፉሪ ላይ ከታላቅ እህቴ ከመሠረት ጋር ልብስ ስፌት የምትሠራ ጓደኛዋ።

«ታዴ፣ አትደንግጥ። መሲ የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት።»

«ትናገራለች?»

«በማሽን ነው የምትተነፍሰው» አለችኝ። ሌላም ነገር ነግራኛለች፤ አልሰማሁትም። ማታውን ለአባቴ ስነግራቸው ምንም አልጠየቁኝም። ተነሥተው ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱና አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ከሆሳዕና በሚኒባስ ተነሣን። አባባ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ጉም ስለነበረ እስከ ወራቤ ድረስ ከመንገዱ ዳር ካለው እንሰት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። በመኪናው ውስጥ የማንም ስልክ በጮኸ ቁጥር አባባ ወደ ኪሴ ይመለከታሉ።

ቡታጅራ ለቁርስ ወረድን። ሌላው ተሳፋሪ እንቁላልና ፉል አዘዘ። እኔ ኪሎውን በመቶ ብር ሙዝ ገዝቼ አንዱን ለአባባ ላጥኩላቸው። ይዘውት ቆዩ፣ ከዚያ መልሰው ሰጡኝ። «ስንደርስ በሕይወት ካገኘናት እበላለሁ» አሉ። ያን ያህል በግልጽ ይናገሩታል ብዬ አልጠበቅኩም። እኔ ያን ቃል ከሆሳዕና ጀምሮ በጥርሴ ይዤ ነበር የመጣሁት።

ቡኢን አልፈን፣ ጢያን አልፈን፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻገርን። ዓለም ገና ላይ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ አንድ ሰዓት ቆምን። ያን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጋዜጣ ዘረጋ፤ እኔ ከስድስት ጊዜ በላይ ለእመቤት ደወልኩ። «አለች፣ አለች» ትለኛለች ገና ሳልጠይቃት።

ረቡዕ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት

አየር ጤና ወርደን በታክሲ በጀሞ በኩል ወደ ላፍቶ ሄድን። በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በር ላይ ጫማችንን በፕላስቲክ ሸፈኑልን፣ አረንጓዴ ጋዋን አለበሱን። ለወትሮው የሚያስገቡት አንድ ሰው ነው፤ የአባባን ዕድሜ አይተው ሁለታችንንም ለቀቁን።

መሠረትን አላወቅኳት። ፊቷ አብጧል፣ አፏ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ሁለት እጆቿ በለስላሳ ጨርቅ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረዋል። ዓይኖቿ ክፍት ነበሩ። አዩን፤ ግን ሰው እንደሚያይ ሳይሆን ውኃ ውስጥ እንደሚሰምጥ ሰው ነበር የሚያዩት። ማሽኑ አየር ሲገፋላት እሷ ትታገለዋለች፤ አላርሙ ይጮኻል።

ነርሷ ሲስተር ራሔል ትባላለች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ረጅም ሴት። እህቴን ግንባሯን እየዳበሰች አነጋገረቻት፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ሳንባዋ እየተሻለው ነው። ችግሩ ፍርሃቱ ነው። ከማሽኑ ልናላቅቃት የማረጋጊያውን መድኃኒት ስንቀንስ ትነቃለች፣ ትደነግጣለች፣ ልቧ ይሮጣል። መልሰን ልናስተኛት እንገደዳለን። ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ አሁን ሦስተኛችን ነው። ማሽኑ ላይ በቆየች ቁጥር ደግሞ ሌላ በሽታ ይመጣባታል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉ አባባ።

«አንዳንድ በሽተኞቻችን የሚያውቁትን ሙዚቃ በቀስታ ስናሰማቸው ይረጋጋሉ። መድኃኒትን አይተካም፤ ያግዛል። እሷ የምትወደው ምንድን ነው?»

አባባ አላመነቱም። ስልኬን አስከፍተው ከአጥቢያችን መዘምራን አንዱን መዝሙር አስመረጡኝ። ሲስተር ራሔል የክፍሉን ሄድፎን በአልኮል ጠርጋ በመሠረት ጆሮ ላይ አደረገችው። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ከመሠረት ዓይን እንባ ወረደ። ደረቷ ተነሣ፣ የታሰሩት እጆቿ ብረቱን ጎተቱ፣ በሞኒተሩ ላይ ያለው የልብ ምቷ ከመቶ ሠላሳ አልፎ ወጣ። አላርሙ ጮኸ። ሁለት ሰዎች ሮጠው መጡ፤ እኛ ወደ ኮሪደሩ ተገፋን።

አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ገደልኳት?» አሉኝ።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ያ መዝሙር እናታችን የተቀበረች ዕለት፣ ሣጥኑ ሲወርድ የተዘመረ ነው። መሠረት እንደዚህ ታስራ፣ መናገር አቅቷት፣ ያንን ስትሰማ ምን እንደመሰላት ሳስበው እኔም አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሲስተር ራሔል ስትወጣ ፊቷ በላብ ረጥቧል። «መልሰን አስተኝተናታል» አለች። «ነገ ጠዋት እንደገና እንሞክራለን። እናንተ የምትወዱላትን ሳይሆን እሷ ብቻዋን ስትሆን የምትሰማውን አምጡልኝ።»

መሠረት አሥራ አምስት ዓመት ልብስ ሰፍታ አስተምራኛለች። ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምትሰማ ግን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

አባባን ኮሪደሩ ላይ ትቼ ወደ ፉሪ ሄድኩ፤ የሚያውቅ ሰው ካለ አብራት የምትውለው እመቤት ናት። ሀና ማርያም ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባጃጅ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ባጃጇ በግማሽ በተሠሩት ቤቶች መካከል ጭቃው ላይ እየተንሸራተተች ነው የሄደችው። ጎማዋ ሲሰምጥ ወርጄ ገፋሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ መግፋቴን ትቼ አወጣሁት፤ የቴሌ መልእክት ነበር።

እመቤት የስፌት ቤቱን ዘግታ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት የስፌት ማሽን፣ ጥግ ላይ የተከመረ የተማሪ ዩኒፎርም። የመጣሁበትን ስነግራት ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

«ብነግርህ አትቆጣም?»

«እመቤት፣ እህቴ ልትሞትብኝ ነው።»

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ትንሽ ስፒከር አውርዳ ሚሞሪ ካርዱን ነቀለች። «አንድ የድሮ ዘፈን አለች። የፍቅር ናት። በሳክስፎን ትጀምራለች፣ ዝግ ያለች። ጨርቅ ስትቆርጥ አትከፍታትም፤ ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ብቻ። ሰው ሲመጣ ታጠፋታለች። አባቷ ቢሰሙ ያዝናሉ ብላ ነው።»

በቤታችን ዘፈን አይከፈትም። መሠረት ደግሞ እስከማውቀው ድረስ ኳየር ውስጥ ያደገች ናት። ካርዷን በመሐረብ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሁለት ነገር እፈራ ነበር፤ ሳልደርስ እንዳትሞት፣ እና ስደርስ ለአባባ የምለውን።

ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለአባባ የነገርኳቸው በማግሥቱ፣ በሩ ላይ ጫማችንን ስንሸፍን ነው። እጃቸው ቆመ።

«በመጨረሻዋ ሰዓት ዘፈን? ልጄ በጆሮዋ ዘፈን ይዛ ጌታ ፊት ትቅረብ?»

ሲስተር ራሔል አጠገባችን ነበረች። «አባባ፣ የመጨረሻዋ ሰዓት መሆኑን ማን ነገረዎት? እኔ አልነገርኩዎትም» አለቻቸው።

አባባ የጫማቸውን ፕላስቲክ አስረው ጨረሱ። እንቢ ቢሉ አልፌያቸው እገባ ነበር ብዬ መጻፍ እወዳለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አላውቅም። በመጨረሻ «ግቡ። እኔም እገባለሁ» አሉ።

መድኃኒቱ ተቀነሰ። መሠረት ነቃች፤ ያው የመስጠም ዓይን። ካርዱን ስልኬ ውስጥ ከትቼ ዘፈኗን ከፈትኩ፤ ሄድፎኑ ተደረገላት። የልብ ምቷ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ ስምንት። አጠገቧ የቆመው ዶክተር እጁን ወደ መድኃኒቱ ሰደደ። «አንድ ደቂቃ፣ እባክህ» አለች ሲስተር ራሔል። እኔ እየጸለይኩ አልነበረም፤ ቁጥሩን ብቻ ነበር የማየው። መቶ ሃያ ስምንት ላይ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ መቶ ሃያ አራት ሆነ።

የመሠረት ቅንድብ ተፈታ። ሳክስፎኑ ከጆሮዋ ጠርዝ በጣም በስሱ ይሰማ ነበር። የቀኝ እግሯ ጣቶች ከብርድ ልብሱ ስር ተንቀሳቀሱ፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ነርሷ ደንግጣ ብርድ ልብሱን ገለጠች።

«የሚጥል በሽታ አይደለም» አልኳት። «የስፌት ማሽኗን እየረገጠች ነው።»

አባባ የታሰረ እጇን ይዘው ቆመዋል። ዘፈኑ ሲያልቅ ዓይኖቿ ፈጠጡ፤ ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። «ድገሙላት» አሉ።

ያን ቀን ማሽኑን ቀነሱላት፤ አላወጡትም። ዓርብ ትኩሳቷ ተመልሶ ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ እየተንጎራደድን ዋልን። ቱቦው የወጣው ቅዳሜ ነው። ድምፅ አልነበራትም። አባባ ጎንበስ ሲሉ በሹክሹክታ «ሰሙት?» አለቻቸው።

«ሰማሁት» አሉ። «ሰውየው ጥሩ ድምፅ አለው።»

ቀጣዩ ረቡዕ፣ ወደ ቤት

እመቤት አስታማሚ ሆና ቀረች፤ መሠረት ወደ ተራው ክፍል ተዛወረች። ሳንባዋ ገና ደካማ ነው። ዶክተሩ «እንከታተላለን» ያለው ቃል እስከ አሁን ያስፈራኛል።

ሆሳዕና ስንገባ እየመሸ ነበር። በመንገድ ሳሰላስል የመጣሁት አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሰጠችኝ በዝርዝር አውቅ ነበር፣ ምን እንደምትወድ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ስለዚህ አባባ ጫማቸውን እያወለቁ ሳሉ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ እርስዎ እንደዚያ ቢተኙ ምን ላሰማዎት?»

መዝሙር ይሉኛል ብዬ ነበር። ጫማቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«እናትህ እንሰት ስትፍቅ የምታንጎራጉረው ዜማ ነበር። ቃል የለውም። እሱን የቀዳው ሰው የለም።»

ከዚያ በአፍንጫቸው ጀመሩት። ስልኬን አውጥቼ መቅጃውን ከፈትኩ። ሁለት ጊዜ ዜማው ጠፋባቸው፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አላቋረጥኳቸውም።