ንፋስ የሚቆጥር ቆጣሪ

ሰመራ ውስጥ የምኖርበት ሕንፃ ሦስት ደርብ ነው፤ ውኃ የሚገባበት ቧንቧ ግን አንድ ነው። ከመንገዱ ይመጣና በደረጃው ሥር አልፎ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ለምድር ቤቱ ይሰጣል፣ ከዚያ ለመካከለኛው ፎቅ፣ የተረፈ ካለ ለእኔ። የእኔ ቤት ከላይ ነው። የዚህን አገር ሐሩር ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ይከብደኛል። ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥቼ ደረጃውን ስወጣ የብረት መደገፊያው አያስነካም። ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የምሮጠው ወደ ቧንቧው ነው።

ቀደም ሲል ለሕንፃው በሙሉ አንድ ቆጣሪ ነበረን። ቢሉ ሲመጣ ሦስታችን እኩል እንካፈላለን። ይህ ነገር አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ምድር ቤት የሚኖሩት የአፋር እናት ውኃ የጠየቃቸውን ሰው መልሰው አያውቁም። ከአፋምቦ የመጣ ዘመድ፣ መኪናው የተበላሸበት የጂቡቲ መስመር ረዳት፣ መንገድ የሳተች የጎረቤት ፍየል ሳትቀር ከእሳቸው በርሜል ትጠጣለች። በመካከለኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ደግሞ ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ሲመሽ እስከ ክርኑ ግሪስ ተለቅልቆ ይመጣል፣ ያንን ሁሉ ለማስለቀቅ የሚያፈሰውን ውኃ አስቡት። እኔ ብቻዬን የምኖር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምውል ሴት፣ ከእነሱ እኩል እከፍላለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ፍየሎቹ ባነሳ፣ "ፍየል ስንት ትጠጣለች ብለሽ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ እናትየዋ፤ የምሬን መጠየቄ ከልብ ገርሟቸው። ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልናገር። ውኃ በዚያን ጊዜ ይደርሰኝ ነበር፤ ያደረሱልኝም እኚሁ እናት ናቸው። ውኃ የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም፤ ሲመጣ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። አፋር ከሰው ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሁሉ ሳያስቀር ይነግራል፤ ዳጉ ይሉታል። እሳቸውም ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ ዳጉ ያደርሳሉ። ማን እንደታመመ፣ ሰርዶ ላይ የትኛው መኪና እንደተገለበጠ፣ በመጨረሻም ውኃ መምጣቱን። ከዚያ የራሳቸውን ቧንቧ ይዘጋሉ፣ የጋራዡንም ሰውዬ ያዘጋሉ። መጀመሪያ እኔ እሞላለሁ፣ ከዚያ እሳቸው፣ ከዚያ የጋራዡ ሰውዬ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠይቄያቸው ነበር።

"በእኛ ዘንድ ጉድጓድ ላይ ከሩቅ የመጣ መንጋ ነው አስቀድሞ የሚጠጣው" አሉኝ። "ያንቺ ቤት ደግሞ ሩቅ ነው።"

ሦስተኛ ደርብን እንደ ሩቅ አገር የሚቆጥር ሰው አይቼ አላውቅም። ሳቅሁ። ባልዲዎቼ ግን ይሞሉ ነበር።

በዚህ መሐል የአባቴ ነገር መጣ። አባቴ አዋሽ ነው የሚኖረው፤ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ እዚያው ጡረታ ወጣ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ስኳር አለበት። አንድ ቀን ስኳሩ ወርዶበት ግቢው ውስጥ ወድቆ ጎረቤት አነሳው፤ ይህንንም የነገረኝ ጎረቤቱ እንጂ እሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። ስልክ ካላነሳልኝ ሥራዬን ትቼ ደጋግሜ እደውላለሁ። እኔ ጋ እንዲመጣ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። የሱ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ እዚህ ቧንቧው ደጃፌ ላይ ነው፣ እዚያ የሰው ደጅ እየጠናሁ ውኃ አልለምንም። አባቴ ከሰው የተዋሰው ዕቃ ቤቱ ካደረ የሚያመው ሰው ነው።

ስለዚህ የውኃ ቢሮው ለየቤቱ ቆጣሪ ይተከላል ሲል ሕንፃው ውስጥ ከእኔ የበለጠ የተደሰተ አልነበረም። የራሴ ቆጣሪ፣ የራሴ ውኃ፣ አባቴም ሰበብ የለውም።

ታዲያ ማመልከቻ ማስገባት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ሂጂ፣ ሲስተም የለም። ነገ ሂጂ፣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል። ከነገ ወዲያ ሂጂ፣ ባለሙያው አለ፣ ቆጣሪው አልቋል። ቆጣሪው ሲገባ ደግሞ መገጣጠሚያውን ራሳችሁ ግዙ ተባልን፤ በባጃጅ ሎጊያ ድረስ ሄጄ ለሦስታችንም ገዛሁ። የገዛሁት ልኩ አይደለም ተብሎ ተመለስኩ። ሻጩ እኔን ሲያይ እንደ ዘመድ ሰላም ማለት ጀመረ።

በመጨረሻ ተተከለ። ከዚያችው ከአንዷ ቧንቧ ላይ፣ በደረጃው ሥር፣ ሦስት ቆጣሪ ጎን ለጎን። የእኔን ቆጣሪ መስታወት በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ባለሙያው መፍቻውን እየሰበሰበ፣ "ከእንግዲህ ዝጉ ክፈቱ የሚባል ጣጣ የለም፣ ሁሉም በየቆጣሪው" አለን። እናትየዋ እሱንም እኔንም ተራ በተራ አዩን።

"ታዲያ ከሩቅ ላለው ማን ይዘጋለታል?" አሉ።

"የሚቆጠረው ለየብቻ ነው፣ እማማ" አላቸው ባለሙያው፤ ጥያቄውን የመለሰ መስሎት።

በዚያው ሳምንት አባቴ መጣ። ከመኪና ሲወርድ ልብሱ አቧራ ሆኖ፣ ፊቱ ግን እንደተላጨ ነበር። አዳይቱ ላይ መኪናው ሲቆም ሻይ ጠጥቶ ለሾፌሩም እንደከፈለ ነገረኝ። ደረጃው ሥር አቁሜ ቆጣሪዬን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው፤ "መልካም ነው" አለ። ለአባቴ ይህ ብዙ ንግግር ነው። አልጋውን ራሱ አነጠፈ፣ መድኃኒቱን መስኮቱ ላይ ደረደረ፤ ማታ እራት በልተን ስንጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልክ ጭንቀት ነፃ ሆኜ ተኛሁ።

ውኃ ሲመጣ እናትየዋ እንደ ወትሯቸው ተጣሩ፤ የራሳቸውንም ዘጉ። እኔ ባልዲዬን ደቅኜ ቆምኩ። ከቧንቧው የወጣው ግን ንፋስ ነው። ሽሽሽ ይላል፣ ያስላል፣ አንድ ሁለት ጠብታ ይተፋል፣ እንደገና ሽሽሽ። ከታች የሆነ ነገር ይጮኻል። ወርጄ ስሰማ የጋራዡ ሰውዬ ፓምፕ ነው። የራሱ ቆጣሪ ስለተተከለለት የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ገዝቶ በረንዳው ላይ አቁሟል፤ ፓምፑ ደግሞ ከጋራ ቧንቧችን እየሳበ ይሞላለታል። ሮቶው እስኪሞላ የመንገዱ ውኃ ይሄዳል። እኔ ጋ የሚደርሰው ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመው ንፋስ ብቻ ነው። ቆጣሪዬን ሳየው ይሽከረከራል።

አዎ፣ በንፋሱ። ውኃው ከፊቱ የሚገፋው ንፋስ የእኔን ቆጣሪ ያዞረዋል። ቧንቧዬን ዘግቼ ብጠብቅ ውኃው እኔ ጋ መድረሱን አላውቅም፤ ከፍቼ ብጠብቅ ንፋስ ይቆጥርብኛል። የወሩ ቢል ሲመጣ ሦስታችን ስንካፈል ይደርሰኝ ከነበረው በለጠ። ወረቀቱን ይዤ ውኃ ቢሮው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ በትሕትና ነው ያናገረችኝ፣ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

"ቆጣሪው ዞሯል፣ እህቴ" አለችኝ። "ከዞረ ውኃ አልፏል ማለት ነው።"

"ንፋስ ነው ያዞረው።"

"የንፋስ ቅሬታ የምንቀበልበት አሠራር የለንም።"

ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። መጮኽ አማረኝ፤ በማን ላይ እንደምጮኽ ግን አላወቅሁም።

ቤት ስመለስ አባቴ መዳፉን ከቧንቧው አፍ ሥር አድርጎ ቆሟል። "ለዚህ ነው የምትከፍዪው?" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ እኔ አልቻልኩም። ለሱ መታጠቢያ ከቢሮ በጀሪካን እያመጣሁ ደረጃውን እወጣ ነበር። ጀሪካኑን ሊቀበለኝ እስከ ታች ሲወርድ እቆጣዋለሁ፤ ደረጃውን መውጣት ስኳሩን እንደሚያወርድበት እሱም እኔም እናውቃለን። እናትየዋ ከበርሜላቸው ቀድተው ደጃችን ድረስ ሲልኩለት ተቀብሎ ያመሰግናል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ወርዶ ሊከፍላቸው ሞከረ። እናትየዋ በቁጣ፣ "ወላሂ፣ ውኃ ሸጬ አላውቅም! ሽማግሌ ነህ፣ አታሳፍረኝ" አሉት። አፍሮ ወጣ፤ ሁለተኛ አልወረደም። እየቀለለ፣ እያነሰ ሲመጣ አየሁት። ሊያማርርብኝ አልፈለገም፣ ግን ሻንጣው ውስጥ ያሉትን ልብሶች አውጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ አልሰቀላቸውም።

አንድ ምሽት ፓምፑ ሲጮኽ ደሜ ፈላ። ወርጄ የጋራዡን ሰውዬ በር ደበደብኩ። ከፈተልኝ፤ እጁ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል።

"ይህን ነገር አጥፋው!" አልኩት። "የሁላችንንም ውኃ እየጠጣህ ነው!"

"በቆጣሪዬ ነው እኮ የምሞላው" አለ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ ሁሉም በየራሱ ይሁን ብለሽ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትሽው?"

"ሌባ ነህ!"

እዚህ ላይ ፊቱ ተለወጠ። "ስሚኝ፣ እህቴ። በፊት መጀመሪያ አንቺ፣ ከዚያ እናታችን፣ እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ። ከጋራዥ በግሪስ ተጨማልቄ ስመጣ ውኃው ሄዷል። አንድ ቀን 'አንተስ ታጠብክ ወይ?' ያለኝ አለ? አሁን ሲደርሰኝ ሌባ ሆንኩ። ሽማግሌ አባትሽን እዚህ ሐሩር ውስጥ አምጥተሽ የምታሰቃዪው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም!"

ደረጃው ድምፅ ያስተጋባል። ቀና ስል አባቴ ከላይ መደገፊያውን ይዞ ቆሟል። የሰማው ከየትኛው ቃል ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። የጋራዡ ሰውዬም አየውና "ይቅርታ፣ አባት" ብሎ በሩን ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባቴ ሻንጣውን ዘግቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ለመንኩት፤ ሌላ ቤት እከራያለሁ፣ ምድር ቤት ያለው እፈልጋለሁ አልኩት። መኪና መናኸሪያ ድረስ እየለመንኩት ሄድኩ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ነው የተናገረው።

"ውኃ ስላጣሁ አይደለም የምሄደው" አለኝ። "ድምፅሽን ሰማሁት። ልጄ እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም። በእኔ ምክንያት ከጎረቤትሽ ተቆራርጠሽ እኔ ምን ብዬ እዚያ ቤት እታጠባለሁ?"

ሚኒባሱ ሄደ። እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩና ምሳ ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ንዴት ነበር፣ ኀዘንም ነበር፤ በውኃ ቢሮው ላይ፣ በፓምፑ ላይ፣ በዚያች መስታወቷን በጠረግኳት ቆጣሪ ላይ። አሁንም አልወጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እደውልለታለሁ። ትናንት ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምግቡ ጠየቅሁት፤ ሁሉም ደህና ነው አለኝ፤ ሁልጊዜም ደህና ነው የሚለኝ። ስለ ውኃው አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ይልቅስ፣

"ከሰውዬው ጋር ታረቃችሁ ወይ?" አለኝ።

"አዎ፣ አባዬ፣ ታርቀናል" አልኩት።

"ተመስገን" አለ። ድምፁ ሲቀለው በስልኩ ተሰማኝ። "እንግዲያው ለፋሲካ እመጣለሁ። ለሱም ትንሽ ነገር ይዤ እመጣለሁ፣ ቤቱ ገብቼ አመሰግነዋለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁት። ከታች ፓምፑ ይጮኻል። ሰውዬውን ሌባ ካልኩት ቀን ጀምሮ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግድግዳ እያየሁ ነው የማልፈው። ሌባ ማለቴ ልክ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አሁንም ውኃዬን ይወስዳል፣ እኔም አሁንም እናደዳለሁ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወረድኩ፤ ምን እንደምለው ሳላውቅ በሩን አንኳኳሁ።