የሁለት ሰው ሳል

ባለፈው ሳምንት ሳሉ አልለቅ ቢለኝ ልጄ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ካየ በኋላ፣ «እማማ፣ ሳንባዎ ንጹሕ ነው። ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለኝ። ባለቤቴ ከሞተ አራት ወሩ ነው። «ብቻዬን» አልኩት። ጥያቄው ግን ኮልፌ ወደነበረው የእናቴ ቤት ይዞኝ ሄደ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግርማ የውትድርና አፈሳ ሸሽቶ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል፣ ሳንቃ ላይ ተኝቶ ይውላል። አቧራውና ቅዝቃዜው ሳል አስያዘው። ክረምቱን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንደ ልቡ ያስል ነበር። መስከረም ጠብቶ ሰፈሩ ክረምቱ ወጣ ብሎ ሲደሰት፣ ሳሉን የሚሸፍነው ዝናብ ስላቆመ እኛ ፈራን። የቁሌቱ ጢስ ወደ እሱ እንዳይወጣ እናቴ በርበሬ ተወች፤ በየቀኑ የድንች አልጫ። እሱ ሲያስል እኔም ከታች ቶሎ ብዬ አስላለሁ፤ የሰማ ሁሉ የእኔ ይመስለዋል።

ጥቅምት ላይ ያልጠራሁት ሳል ይመጣብኝ ጀመር። ግርማ ተኝቶም አስላለሁ። ከሳሁ። ከቤት ርቄ መሄድ አልችልም፤ ድንገት ቢያስል ማን ይሸፍንለታል? እሱ ከኮርኒሱ በላይ፣ እኔ ከኮርኒሱ በታች ታሰርን።

የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ተካ አንድ ቀን በአጥር አሻግሮ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሳልሽ ጢም አወጣ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። በማግስቱ፣ «የሳንባ በሽታ ከሆነ ለሰፈሩ ይተርፋል» ብሎ ከጤና ጣቢያ አንድ ድሬሰር ይዞ መጣ። ጀርባዬን ለምርመራ ስገልጥ ጋሽ ተካ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ።

ድሬሰሩ ቀጭን ወጣት ነበር። ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አድርጎ፣ «ተንፍሺ» አለኝ። ተነፈስኩ። ያኔ ግርማ ከላይ አሳለ። እኔ ማሳል አቃተኝ፤ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ሳሉ ጠፋኝ። ድሬሰሩ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

«እህ፣ ምንድን ነው?» አለ ጋሽ ተካ፣ ሳይዞር።

«ብሮንካይት ነው፤ ሰሙት አይደል? አይተላለፍም» አለ ድሬሰሩ። ከቦርሳው ሽሮፕ አውጥቶ ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳንባሽ ንጹሕ ነው። ይሄ ለሁለት ይበቃል» አለኝ።

ግርማ በጥር ሳሉ ተሽሎት ወደ አጎታችን አገር ሄደ። የእኔም ሳል በሳምንቱ ተወኝ። ድሬሰሩ ግን «ክትትል ነው» እያለ መምጣቱን አልተወም፤ በኋላ አገባሁት። ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ሲመጣለት የት እንደሚያመው ከመጠየቁ በፊት ከማን ጋር እንደሚኖር ይጠይቅ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት እሱ ራሱ በሳል ነው ያሳለፈው። ሲያስል ከጎኑ ሆኜ፣ «ሰማሁህ» እለው ነበር። አሁን ቤቱ ጸጥ ሲል ሳሉ ይጀምረኛል። ሐኪሙ ሽሮፕ ጻፈልኝ፤ ትልቅ ጠርሙስ ነው። ለሁለት ይበቃል።